ባለሥልጣን በስልክ የሰጠው ፈቃድ

ጥያቄ፦ የብረት መቁረጫ ማሽን አምራች ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ነኝ። የደንበኛችን አገር ከጎረቤቱ ጋር እየተዋጋ ነው። መንግሥታችን ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ማሽን ግን መሣሪያ አይደለም። አንድ ባለሥልጣንም በስልክ «ችግር የለውም» ብለውናል። የወጪ ንግድ ፈቃድ ማመልከቻው ላይ እንደ ወትሮው «ለሲቪል አገልግሎት» ብዬ ብፈርም እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ማሽኑ ምን ሊሠራበት እንደታሰበ አልነገሩኝም። የሚመረተውን ዕቃ ንድፍ ሳያዩ እንዲህ ያለ ማሽን እንደማይሸጡ እገምታለሁ። ንድፉ የመድፍ ጥይት ቀፎ ከሆነ ደግሞ ጥይቱ የሚያርፍበት ሰው አለ። ያንን እያወቁ «ሲቪል» ብለው ከፈረሙ አዎ፣ ይጠየቃሉ።

እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 24 ቀን 2014 ጀምሮ የጸናው የጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነት በዋናነት መሣሪያን፣ ጥይትንና ክፍሎቻቸውን ይመለከታል። የእርስዎ ማሽን የሚዳኘው ለሲቪልም ለወታደራዊም ተግባር በሚውሉ ዕቃዎች ላይ አገርዎ ባወጣው ሕግ ነው። ማሽኑ በሕጉ የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ።

እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ ሻጮች የሚወድቁት ግን እንደዚያ ባለ ስልክ ነው። ማትሪክስ ቸርችል የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ለኢራቅ ይልክ የነበረው የእናንተን ዓይነት ማሽን ነበር። በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ሁለቱ አገሮች የሚላክ ወታደራዊ ዕቃን የሚገድብ መመሪያ ነበረው፤ የንግድ ሚኒስትሩ አለን ክላርክ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 አምራቾቹን በስብሰባ አግኝተው የማሽኖቹን ሰላማዊ አገልግሎት አጉልታችሁ አመልክቱ ብለው መከሯቸው። በኋላ ሦስት የድርጅቱ ኃላፊዎች ፈቃድ ሰጪውን አታላችኋል ተብለው ተከሰሱ። ሚኒስትሮች የመንግሥት ሰነዶች እንዳይወጡ የምስክር ወረቀት ፈረሙ። ዳኛው የተወሰኑት እንዲሰጡ ባያዙና ክላርክ በመስቀለኛ ጥያቄ እውነቱን ባያምኑ ኖሮ ክሱ እ.ኤ.አ. በ1992 አይፈርስም ነበር። ተከሳሾቹን ያዳናቸው የስብሰባው ቃለ ጉባኤ መጻፉ ነው። የእርስዎን የስልክ ንግግር ማን ጽፎታል? ባለሥልጣኑ ነገ «አላስታውስም» ቢሉ በምን ያስተባብላሉ?

ዛሬውኑ ለባለሥልጣኑ ደብዳቤ ይጻፉ፤ የተባባላችሁትን ከነቀኑ ይጥቀሱ፤ መልሱ በማኅተም እስኪመጣ ምንም አይፈርሙ። ውሉን፣ ንድፉን፣ የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫውን (ማሽኑን ማን ለምን እንደሚጠቀምበት የሚገልጸውን ሰነድ) እና ከደንበኛው ጋር የተለዋወጣችሁትን ኢሜይል ሁሉ ይሰብስቡ። አንዳች ወረቀት እንዳይቀድዱ፣ እንዳያጠፉ። ከዚያ በወጪ ንግድ ቁጥጥር ልምድ ያለው ጠበቃ ጋ ይሂዱ፤ ይህ የእኔ መልስ ያንን አይተካም።

«እንደ ወትሮው» ብለዋል። እስካሁን ስንት ጊዜ ፈርመዋል? ከሌላ ሰው ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ይህን ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ የቀድሞዎቹን ማመልከቻዎችም ይዘው ይሂዱ።