መልስ፦ የካሊፎርኒያ ነርስ ላይሰንስ እድሳት እና የኦንላይን ትምህርት

እህቴ፣ ላይሰንስሽ ሊያበቃ አራት ወር ቀርቶት ለእድሳት የሚጠየቀውን የ30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት በሙሉ በኦንላይን መጨረስ ይቻል እንደሆነ፣ «3.0 ሲኢዩ» (ሲኢዩ የተከታታይ ትምህርት መለኪያ ነው) የሚለው ሰርተፍኬትሽም ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል።

በኦንላይን ሙሉውን መውሰድ ይቻላል። 1 ሲኢዩ 10 ኮንታክት አወር (የትምህርት ሰዓት) ስለሆነ 3.0 ማለት 30 ሰዓት ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ትምህርቱን የሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ ስምሽ፣ የኮርሱ ርዕስ፣ የጨረስሽበት ቀን፣ የሰዓቱ ብዛትና በነርሲንግ ቦርዱ የጸደቀው ትምህርት ሰጪ ድርጅት ቁጥር («ሲኢፒ» ብሎ የሚጀምረው) መኖራቸውን ተመልከቺ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንድ ነፃ ኮርሶች «ተሳትፋለች» ብቻ የሚል ወረቀት ይሰጣሉ፣ ሰዓት የለበትም፣ አይቆጠርም። ስለዚህ ገንዘብሽንም ጊዜሽንም ከማውጣትሽ በፊት ቁጥሩን ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው።

ቢኤልኤስ (መሠረታዊ የሕይወት አድን ሥልጠና) ወይም ተራ ሲፒአር (የልብና የትንፋሽ ማስመለሻ) አይቆጠርም፤ ኤሲኤልኤስ (ከፍ ያለው የልብ ሕይወት አድን ሥልጠና) ግን ይቆጠራል። የሥራ መግቢያ ኦረንቴሽንም አይገባም። ቀኑንም አስተውዪ፦ ትምህርቱ አሁን በሚያበቃው የሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የተጠናቀቀ መሆን አለበት፣ ከ30 የተረፈ ሰዓት ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

ይህ የመጀመሪያ እድሳትሽ ከሆነ ከ30ው ሰዓት ነፃ ነሽ፣ ስውር አድልዎን የሚመለከተው የ1 ሰዓት ኮርስ ግን ይጠበቅብሻል።

ስታድሺ ሰርተፍኬት አትላኪ፤ መጨረስሽን ብቻ ታረጋግጫለሽ። ቦርዱ በዕጣ መርጦ ሊጠይቅሽ ስለሚችል ወረቀቶቹን ለ4 ዓመት አስቀምጪ፤ ኢሜይልሽ ላይም ቅጂ ይኑርሽ።