ስልኩ በእጅህ ሳለ “ዝግ ነው” የሚሉህ ለምንድን ነው?

ጥያቄው ከዚሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው የመጣው። ጠያቂያችን የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ “ሁለት ሲም የያዘ አንድ ስልክና አንድ መደበኛ ስልክ አለኝ። ከሐረርና ከጅግጅጋ የሚደውሉ ደንበኞች ‘ስልክህ ዝግ ነው’ ይሉኛል፤ ስልኩ ግን ከእጄ አይለይም። የለቀቀ ሠራተኛዬ ደንበኞቼን በራሱ ቁጥር ይዟቸው ሄደ። በሐሰተኛ የክፍያ መልእክትም ሁለት ጎማ ተወስዶብኛል። አንድ ሻጭ ስምንት የውስጥ መስመር ያለው የስልክ ማዞሪያ ብገዛ ሁሉም እንደሚስተካከል ነግሮኛል። ልግዛ?”

ወንድሜ፣ በድሬ ልማድ “አንተ” ብልህ ቅር እንደማይልህ አውቃለሁ። መልሴ፦ አትግዛ። ማዞሪያ ከውጭ የገባን መስመር ለሱቅ ውስጥ ስልኮች የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው፤ ከጻፍካቸው ሦስት ችግሮች አንዱንም አይፈታውም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ስልክህ ጤነኛ ነው፤ ደንበኞችህም አልዋሹህም። በገበያ ላይ ያሉት ባለ ሁለት ሲም ስልኮች አብዛኞቹ ሁለት ሲም ይያዙ እንጂ ሬዲዮናቸው አንድ ነው። ሥራ በሌለበት ጊዜ ሬዲዮው ሁለቱንም ኔትወርክ በየተራ ያዳምጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ክፍት ሆነው ይታዩሃል። በአንደኛው ሲም ማውራት ስትጀምር ግን ሬዲዮው ለዚያ ጥሪ ብቻ ይያዛል፤ ሁለተኛው ሲም ወሬህ እስኪያልቅ ድረስ ከኔትወርኩ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት በሁለተኛው ቁጥር የሚደውል ሰው የሚሰማው “ተይዟል” የሚል ምልክት ሳይሆን “ማግኘት አልተቻለም” የሚል ድምፅ ነው። ጥሪው ስልክህ ድረስ ስላልደረሰ ያመለጠ ጥሪ ሆኖ እንኳ አይመዘገብም። አንተ የፍሪሲዮን ገመድ ዋጋ ለአንዱ ስታስረዳ ሌላው ካንዴላውን ከጎረቤትህ ይገዛል፤ አንተም መደወሉን አታውቅም።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሠራተኛህ በአንደኛው ቁጥር ይደውልልህና አንሳ፤ ሳትዘጋው ሌላ ሰው በሁለተኛው ቁጥር ይሞክር። ስልክህን እያየህ ቆይ፤ ምንም አይጮኽም፣ ምንም አይበራም። ሁለት ጥሪ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱ ውድ ስልኮች አሉ፤ ያንተ ከነሱ ከሆነ እዚያው ታየዋለህ፣ እኔም ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ከጽሑፍህ እንደተረዳሁት ግን አይመስለኝም።

በከተማችን ይህ ችግር በርከት ብሎ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 የጀመረው ከድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ነጋዴ ያኔ የ07 ሲም ገዝቶ የ09 ሲሙ ባለበት ስልክ ውስጥ ከተተው፣ ሁለቱንም ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሁለት በር የከፈተ መስሎት አንዱን በሌላው እየዘጋ ነው።

መፍትሔው አንድ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ብዙ ጥሪ የሚመጣበትን ሲም ከዘመናዊው ስልክ አውጥተህ ለብቻው እዚያ ውስጥ አድርገው። ባትሪው ቀናት ይቆያል፤ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቢወድቅም ብዙ አያስቆጭም። ሁለተኛው ሲም በዘመናዊው ስልክ ይቅር። በሁለቱም ላይ *43# ደውለህ የጥሪ መጠባበቂያውን ክፈት፤ እያወራህ ሌላ ሰው ሲደውል ምልክቱን ትሰማለህ።

ቀጥሎ ጥሪ ማዛወርን እንጠቀም። ይህ በኔትወርኩ ውስጥ ያለ አገልግሎት ነው፤ መተግበሪያ አይፈልግም፣ በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። መስመርህ ሲያዝ እንዲዛወር **67*ቁጥሩ#፤ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ **62*ቁጥሩ#፤ ጮኾ የሚያነሳው ሲጠፋ **61*ቁጥሩ#። “ቁጥሩ” ባልኩበት ቦታ ጥሪው የሚሄድበትን ስልክ ሙሉ ቁጥር አስገብተህ እንደ ተራ ጥሪ ደውል፤ ስልኩ መመዝገቡን በጽሑፍ ይነግርሃል። ሁለት ሲም ባለው ስልክ ላይ ከሆንክ ትእዛዙን የምትልከው ከየትኛው ሲም እንደሆነ አስተውል፤ የሚዛወረው የዚያ ሲም ጥሪ ብቻ ነው። ትእዛዙን ኔትወርኩ ካልተቀበለው ወደ አገልግሎት ሰጪው የሽያጭ ማእከል ሄደህ አገልግሎቱ ለመስመርህ እንዲከፈት ጠይቅ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የተዛወረው ጥሪ ሂሳብ ከአንተ ይቆረጣል፤ ደዋዩ የሚከፍለው አንተ ድረስ ያለውን ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱን ቁጥሮችህን እርስ በርስ አታዛውር። ሁለቱም ሲያዙ አንዱ ወደ ሌላው ይወረውራል፣ ደንበኛውም መሐል ላይ ይቀራል። ወደ ሦስተኛ ስልክ ላከው፤ ባለቤትህ ወይም ዋና ሠራተኛህ ወደሚይዘው።

ይህ ሦስተኛ ስልክ በተለይ ለቀትሩ ይጠቅማል። ድሬ ፀሐዩ ሲከር ሱቅ ዘግቶ ማረፍ ለእኛ ልማድ ነው፤ የአዲስ አበባው አቅራቢና መንገድ ላይ ባጃጁ የቆመበት ሹፌር ግን ልማዳችንን አያውቁም። 61 ላይ ያስመዘገብከው ቁጥር በተራ የሚያርፍ ሰው እጅ ይሁን፤ አንተ ትተኛለህ፣ ጥሪው አይተኛም።

አሁን ወደ ሸሸው ሠራተኛ። ቅሬታህ ይገባኛል፤ ነገር ግን ደንበኛውን የወሰደው ሠራተኛው ነው ከማለትህ በፊት ቁጥሩ የማን ነበር ብለህ ራስህን ጠይቅ። ሲም የሚመዘገበው በሰው መታወቂያ ነው፤ ቢጠፋ ምትክ የሚሰጠው፣ ቢያከራክር ባለቤት የሚባለው የተመዘገበበት ሰው ነው። ሠራተኛው በራሱ ስም ባወጣው ሲም ለአንተ ሱቅ ሲሸጥ ከርሞ ሲለቅ፣ በየደንበኛው ስልክ ላይ “የባጃጅ መለዋወጫ” ተብሎ የተመዘገበው የእሱ ቁጥር ነው። ስለዚህ ደረሰኝ፣ ሰሌዳና የመልእክት መለያ ላይ የሚወጣ ማንኛውም ቁጥር በአንተ ስም፣ ከተቻለም በንግድ ፈቃድህ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ። እኔ ለነጋዴ ስልክ ሳስተካክል ከመሣሪያው በፊት የምጠይቀው ይህን ነው። ቁጥሩ የሌላ ሰው ከሆነ በውድ ዋጋ የገዛኸው ማዞሪያ የሚሠራው ለሌላ ሰው ነው።

በጽሑፍ ለሚያዙህ ደንበኞች ዋትሳፕ ቢዝነስን ጫን፤ ነጻ ነው። በሱቁ ቁጥር ክፈተው እንጂ በግልህ ቁጥር አይሁን። በዋናው ስልክ ላይ ከከፈትከው በኋላ እስከ አራት የሚደርሱ ሌሎች መሣሪያዎችን ማገናኘት ይቻላል፤ ሠራተኞችህ በየራሳቸው ስልክ ሆነው በሱቁ ስም ይመልሳሉ። አንዱ ሲለቅ “የተገናኙ መሣሪያዎች” የሚለውን ከፍተህ የእሱን ታስወጣለህ፤ ደንበኛውም ወሬውም ሱቁ ውስጥ ይቀራል። ዋናው ስልክ ከመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ እንዳይከርም፤ ለ14 ቀን ካልተከፈተ የተገናኙት መሣሪያዎች ይቋረጣሉ። ሱቅ ስትዘጋ የሚላክ ራስ ሰር መልስ አለው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አንድ አንድ መስመር ጻፍበት። የባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን የይለፍ ቁጥር ግን ለማንም አታካፍል፤ ለታማኝ ሠራተኛም ቢሆን። ቴሌግራም የምትጠቀም ከሆነ እዚያም ይህንኑ አድርግ።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ የሚያስለቅሰው እሱ ነውና።

ሁለቱን ጎማዎች እንዴት እንዳጣህ በዝርዝር አልጻፍክም፤ መንገዱ ግን ብዙ አይደለም። ገዢው እቃውን ካስመረጠ በኋላ “ልኬልሃለሁ” ይላል፤ ወዲያው ስልክህ ላይ መልእክት ይገባል። የብሩ መጠን ትክክል ነው፣ የግብይት ቁጥር አለው፣ የምስጋና ቃሉ ሳይቀር እንደ እውነተኛው ነው። ጽሑፉን መኮረጅ ቀላል ነው፤ እውነተኛውን አንድ ጊዜ የተቀበለ ሰው ቁጥሮቹን ቀይሮ መልሶ መላክ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉን ትተህ ከላይ ያለውን ላኪ ተመልከት። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው። አስር አሃዝ ካለው ተራ የ09 ወይም የ07 ቁጥር የመጣ “የክፍያ ማረጋገጫ” ክፍያ አይደለም። ገዢው በራሱ ስልክ ላይ የሚያሳይህ የደረሰኝ ፎቶ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ዋጋ ነው ያለው፤ ፎቶ ማስተካከል ዛሬ ሕፃን ልጅም ይችላል።

ላኪው ትክክል ቢሆንም፣ ገንዘቡ ከፍ ሲል በመልእክት ብቻ እቃ አይውጣ። ለካንዴላና ለፍሬን ሸራ መልእክቱ ይበቃል፤ ለጎማ፣ ለባትሪና ለሞተር እቃ ግን አንተ መተግበሪያውን ከፍተህ የግብይት ዝርዝሩን ስታይ ነው “ጫን” የሚባለው። ድንበሩን በብር ወስነህ ለሠራተኞችህ ንገራቸው፤ በጽሑፍ ለጥፈው። ገዢው ሲቸኩል፣ “ባጃጁ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው” ሲል፣ አንተ ከቤት ሆነህ ስልክ እስክታነሳ ሲያጉረመርም ሠራተኛው የሚጠቁመው ወረቀት ይኑረው። በቃል የተነገረ ደንብ በተቆጣ ደንበኛ ፊት ይቀልጣል።

“በስህተት ጨምሬ ላክሁ፣ ትርፉን መልስልኝ” የሚል ሲመጣም ያው ነው፤ መጀመሪያ ገንዘቡ መግባቱን በዝርዝሩ ላይ እይ። እውነትም በስህተት ገብቶ ከሆነ ላኪው ወደ ድርጅቱ አመልክቶ እንዲመለስለት አድርግ እንጂ እሱ ወደሚነግርህ ሌላ ቁጥር አትላክ።

በግል ሂሳብህ መቀበሉን ተውና የነጋዴ ሂሳብ ክፈት። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይዘህ ሂድ። ገዢው የድርጅትህን ስም አይቶ ነው የሚከፍለው፤ የቤት ወጪና የሱቅ ሽያጭም አይደባለቁም። የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ አለ፤ የ07 ደንበኞች ካሉህ ሁለቱንም ያዝ፣ ግን ሁለቱም በአንተ ስም። ማታ ስትዘጋ በእያንዳንዱ ሂሳብ የገባውን ከደረሰኝ ጥራዙ ጋር አስተያይ። በጥራዙ ቅጂ ጥግ ላይ የግብይቱን ቁጥር የመጨረሻ አራት ፊደላት መጻፍ ልማድ ካደረጋችሁ፣ ከወር በኋላ “ከፍያለሁ” “አልከፈልክም” የሚለው ክርክር በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ጥሪ ማዛወሪያውን ላስተማርኩህ ደግሞ ክፉውንም ልንገርህ። አንድ ሰው ከስልክ ድርጅቱ ወይም ከባንክ ነኝ ብሎ “መስመርህን ለማደስ” *21* ወይም **21* ብለህ አንድ ቁጥር ጨምረህ ደውል ካለህ ዝጋበት። 21 ጥሪህን በሙሉ፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ወደዚያ ቁጥር ያዛውራል፤ በድምፅ የሚነገር የማረጋገጫ ቁጥር ሳይቀር እሱ ጋ ይሄዳል። *#21# ብለህ መዛወሩን ማየት፣ ##002# ብለህ ሁሉንም መሰረዝ ትችላለህ። የመጨረሻው አንተ ራስህ ያስመዘገብካቸውንም ስለሚያጠፋ ከዚያ በኋላ እንደገና አስገባቸው።

ስለ ሙቀቱ ባጭሩ። ለጥገና የሚመጡልኝ የሱቅ ስልኮች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት በሽታ ነው ያለባቸው፤ ስክሪኑ በአንድ ጎኑ ተነስቶ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ከጀርባው ባትሪው እንደ ትራስ ተነፍቷል። ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ እየመታው የዋለ ስልክ በግንቦትና በሰኔ እንዲህ ይሆናል። ስልኩን ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሲሞላ ንቀለው። የተነፋውን ባትሪ ደግሞ ገፍተህ ለመመለስ አትሞክር፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

መደበኛ ስልክህንም አትጣለው፤ 025 ቁጥር መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ያምኑታል። በድሮው የመዳብ መስመር ከሆነ ኃይሉን ከቴሌ ጣቢያው ስለሚያገኝ ባለ ገመድ ስልክ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ ገመድ አልባው ግን የራሱ አስማሚ ስላለው አብሮ ይጠፋል። መስመርህ ወደ ፋይበር ከተቀየረ ሁለቱም በሞደሙ ላይ ስለሚንጠለጠሉ ለሞደሙ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ግዛለት። ከመግዛትህ በፊት የሞደሙን አስማሚ ገልብጠህ አንብብ፤ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ይላል፣ የተለመደው ፓወር ባንክ ግን 5 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ ቢሰኩትም አያነሳውም።

ሻጩ መልሶ ከመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ “ስንት የውጭ መስመር ይይዛል፣ እኔስ ስንት አለኝ?” ስምንት የውስጥ መስመር ማለት ስምንት ሰው በሱቅህ ውስጥ እርስ በርሱ ይነጋገራል ማለት ነው። የውጭ መስመርህ አንድ እስከሆነ ድረስ በዚያ መሣሪያ ከውጭ የሚያገኝህ ደንበኛ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ሆቴል ወይም ክሊኒክ ብትሆን ኖሮ ክፍል ለክፍል ስለምትደዋወል ግዛ እልህ ነበር። አንተ መጋዘንህን ከሱቁ ለይተህ ሌላ ሕንፃ ላይ ስትከፍት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የውጭ መስመርም ስታስገባ፣ ያኔ ዋጋውን ይዘህ ና፤ አብረን እናየዋለን።