ሊኑክስ አፕግሬድ አድርጋችሁ ፒዲኤፍ ብሮውዘር ላይ እምቢ ያላችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ጀማው፣ ኡቡንቱን ወደ 22.04 ወይ 24.04 ካሳደጋችሁ በኋላ ፒዲኤፍ አልከፍት ያላችሁ በዝታችኋል። አብሽሩ፣ አብዛኛው ቀላል ነው፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ድሮ ፋየርፎክስ ላይ የአዶቤ ሪደር ፕለጊን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ፒዲኤፍ መክፈቻ) ነበረኝ አሁን ጠፋ፣ ፋይሉን ፕለጊን ፎልደሩ ውስጥ መልሼ ብከተውም አያየውም ወላሂ

መልስ፦ ተወው ወንድሜ። አዶቤ ለሊኑክስ ያወጣው የመጨረሻው 9.5.5 ነው፣ 2013 ላይ፣ ከዛ ወዲህ ዞር ብሎም አላየውም። ፋየርፎክስም 2017 ላይ በ52ኛው ቨርዥን ከፍላሽ በስተቀር እንደዛ አይነት ፕለጊን መቀበል አቆመ፣ ክሮም ሊኑክስ ላይ ከሱም ቀድሞ በ2014 ዘግቶታል፣ ስለዚህ የትም ብትገለብጠው አይሰራም፣ ባይሰራም ይሻልሃል ምክንያቱም ይሄን ያህል አመት ጥገና ያላገኘ ሶፍትዌር ከኢንተርኔት የመጣን ፋይል ሁሉ ሲከፍት ጥሩ አይደለም። ፋየርፎክስ ከ19ኛው ቨርዥን ጀምሮ የራሱ ማንበቢያ አለው፣ ምንም አትጫን።

ጥያቄ (እሱው)፦ ካለው ለምን ዳውንሎድ ብቻ ያደርግብኛል ታዲያ

መልስ፦ የድሮ ምርጫህ አብሮ መጥቶ ነው። ሴቲንግ ገብተህ ጀነራል ውስጥ ወደታች ስትወርድ አፕሊኬሽንስ የሚል አለ፣ ፒዲኤፍ የሚለውን ፈልገህ ኦፕን ኢን ፋየርፎክስ አድርገው። እምቢ ካለ አድራሻ መፃፊያው ላይ about:config ብለህ ገብተህ pdfjs.disabled የሚለው ትሩ ከሆነ ወደ ፎልስ መልሰው።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ፋይሉ ቴምፕ ፎልደር (የጊዜያዊ ፋይል ማስቀመጫው) ውስጥ አለ፣ አይኔ እያየው ፋየርፎክስ የለም ይለኛል

መልስ፦ ከ22.04 ጀምሮ ኡቡንቱ ላይ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ (ፕሮግራሙን ከሌላው ሲስተም ለይቶ በሚያስቀምጥ ማሸጊያ) ነው፣ ስናፕ ደግሞ ግቢው እንደታጠረበት ሰው ነው፣ የራሱ ቴምፕ አለው ያንተን አያይም። ሆም ውስጥም ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፎልደሮችን አይነካም። ዳውንሎድስ ውስጥ አዙረህ ክፈተው በቃ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የመስሪያ ቤት ፀሐፊ ነኝ፣ የድሮ ደብዳቤ ስከፍት አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል፣ ዊንዶውስ ላይ ግን ደህና ነበር

መልስ፦ እህቴ ይሄ የብሮውዘሩም የአፕግሬዱም ጥፋት አይደለም። የድሮ ደብዳቤ ብዙው በፓወር ግእዝ ወይ በቪዥዋል ግእዝ የተፃፈ ነው፣ እነሱ ደግሞ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የግእዝ ቅርፅ የሚያለብሱ ናቸው፣ ፒዲኤፉ ሲሰራ ፎንቱ አብሮ ካልገባ ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ብቻ ይቀራል። ዊንዶውሱ ላይ ፎንቱ ተጭኖ ስለነበር ነው ደህና የመሰለሽ። (ስክሪን ላይ አምሮ ኮፒ ሲደረግ የሚበላሸውም በዚሁ ነው።) ዋናው ፋይል ካለሽ እዛው ዊንዶውስ ላይ ፎንቱን ኢምቤድ አድርገሽ (ፋይሉ ውስጥ አካተሽ) እንደገና ፒዲኤፍ አውጪው፣ ከሌለሽ ፎንቱን አምጥተሽ ሊኑክሱ ላይ ጫኚና በዶክመንት ቪወር (በኡቡንቱ የፒዲኤፍ ማንበቢያ) ሞክሪው፣ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። የሚታይሽ ባዶ ሳጥን ሳጥን ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይ አቢሲኒካ የሚባለውን የግእዝ ፎንት መጫን ነው።

ጥያቄ (ወልዲያ)፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ ልጄ፣ የውጭ አገር ፎርም ልሞላ ከፍቼ ፕሊስ ዌይት የሚል ብቻ ይላል፣ ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም የለም

መልስ፦ ጋሼ አይጠብቁት፣ እየጫነ አይደለም። ኤክስኤፍኤ የሚባል የፎርም አይነት ነው፣ ያ ፅሁፍ የሚመጣው ማንበቢያው ፎርሙን ሳያውቀው ሲቀር ነው። ፋየርፎክስ ከ93ኛው ቨርዥን ጀምሮ፣ 2021 ላይ ማለት ነው፣ ይከፍተዋል። በዶክመንት ቪወር ወይ በክሮም ከፍተውት ከሆነ ፋይሉን ፋየርፎክስ ላይ ጎትተው ይጣሉትና ይሙሉት።

ጥያቄ (መርሳ)፦ አፕግሬዱ መሃል ላይ መብራት ሄደብኝ፣ አሁን ፋየርፎክስ ራሱ አይነሳም

መልስ፦ ፒዲኤፉን ለጊዜው እርሳው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሪከቨሪ ሞድ (የጥገና ሜኑው) ግባ፣ ዲፒኬጂ የሚል ምርጫ አለ፣ የተቋረጠውን እሱ ይጨርስልሃል፣ ባትሪህ ሙሉ ይሁን ብቻ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ እኔ ፋይሉን ደብል ክሊክ ሳደርገው ጊምፕ (የፎቶ ማስተካከያው) ነው የሚከፍተው

መልስ፦ ቀኝ ክሊክ፣ 22.04 ላይ ፕሮፐርቲስ ከዛ ኦፕን ዊዝ፣ 24.04 ላይ ደግሞ በቀጥታ ኦፕን ዊዝ፣ ዶክመንት ቪወርን ዲፎልት አድርገው።