«ብዙ አልሠራም» የተባለ የጀልባ ሞተር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሐይቅ ከተማ ነው። አምስት ጓደኛሞች ሆነን አንዲት የፋይበር ጀልባ አለችን። ሰው እናንሸራሽርባታለን። ለኅዳር 26 ደግሞ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚሄድ ተሳላሚ እንጭናለን። ያለን ሞተር ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ነው፤ አርጅቶ ጭስ በጭስ ሆኗል። አሁን ባሕር ዳር ያለ ሰው ያገለገለ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ባለ አራት ስትሮክ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር ለክቶ የሚረጭ) ሞተር ሊሸጥልን ነው። «ሦስት ዓመት መጋዘን ነው የቆየው፣ ብዙ አልሠራም» ይላል። ግማሾቻችን እንግዛው እንላለን። ግማሾቻችን ግን ኢንጀክሽን ከተበላሸ ወሎ ውስጥ የሚነካው የለም፣ ካርቡራተር ይሻለናል ባዮች ነን። ምን ይሉናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኢንጀክሽን የሚለው ቃል አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ «ሦስት ዓመት መጋዘን ቆየ» የሚለው ነው። ሻጩ እንደ ሙገሳ ነው የነገራችሁ። እኔ ግን ኮምቦልቻ ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት ዓመታት ጣና ላይ የጀልባ ሞተር ስፈታ ኖሬአለሁና እንደ በሽታ ነው የሰማሁት።

ምክንያቱን ልንገርህ። ኢንጀክሽን ያለው የጀልባ ሞተር ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ አለችው። ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው ፓምፕ ቤንዚኑን የሚያገኘው ከእሷ ነው። ሞተሩ ሲቆም እዚያ ውስጥ ቤንዚን ይቀራል። ወር ሁለት ወር ምንም አይደል። ዓመት ሲያልፍ ግን ቀላሉ ይተንና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። ያ ሙጫ የፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፣ ቤንዚኑን ወደሚረጨው ኢንጀክተርም ይሄዳል። የኢንጀክተር ቀዳዳ ደግሞ እንደ ካርቡራተር ፈትተህ በአፍህ እፍ የምትለው አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄህ ዋጋው አይሁን። «ስታስቀምጠው ቤንዚኑን አፍስሰኸዋል ወይ? ማን አፈሰሰው?» በለው። ከተንተባተበ የማጠራቀሚያውን እጥበት፣ የፓምፑንና የኢንጀክተሮቹን ወጪ ከዋጋው ቀንስ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስድስት መቶ ሰዓት የሠራ፣ በየሳምንቱ ውሃ ላይ የዋለና ዘይቱ በየመቶ ሰዓቱ የተቀየረ ሞተር ብታገኝ ከዚህኛው በፊት እሱን ግዛ እልሃለሁ።

ጓደኞችህ የፈሩትን ግን አላጣጥልም። እኔም ደርሶብኛል። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት ሰው ጭነን ስንሄድ ኢንጀክሽን ሞተራችን መሐል ላይ ፀጥ አለ። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ቤንዚኑን መንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጥ ሰው ነበር የገዛነው፤ ውሃ ነበረበት። መለዋወጫ ፊልትሮ አልያዝንም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ጀልባዋን ያንገላታት ጀመር። አንዲት እናት ልጃቸውን በነጠላ ከደረታቸው ጋር አስረው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ያን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በደንገል ታንኳ የሚያልፍ ሰው ነው ሄዶ ሌላ ጀልባ የጠራልን። ከዚያ ቀን ወዲህ ከታንኩና ከሞተሩ መሐል ውሃ የሚለይ ትልቅ ፊልትሮ ሳላስገባ፣ ሁለት መለዋወጫም ሳልይዝ ውሃ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

የእናንተ ሐይቅ ከጣና ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሰባት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጥልቀቱ ግን ሰማንያ ሜትር ይደርሳል። ሞተር መሐል ላይ ቢጠፋባችሁ መልሕቅ ጥላችሁ የምትጠብቁበት ውሃ አይደለም፣ ገመዳችሁ መሬት አይነካም። ስለዚህ የቤንዚኑን ነገር አደራ። ቤንዚን ሲጠፋ የጀሪካን እንገዛለን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ላምባ የተደባለቀበትም አለ። አሮጌው ሞተራችሁ እያጨሰም ቢሆን ይችለዋል። አዲሱ አይችለውም። ከማደያ ያልቀዳችሁት ከሆነ በንጹሕ ጠርሙስ ቅዱና አሳድሩት። ውሃ ካለው ከታች ይተኛል፣ በዓይን ይታያል።

አሁን ደግሞ ኢንጀክሽን ለእናንተ የሚጠቅምበትን ልንገርህ፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። ሐይቅ ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፣ ለባሕር ወለል ከፍታ የተለካለትን ቤንዚን ይሰጣል። ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ይብሳል። አሮጌው ሞተራችሁ የሚያጨሰው በእርጅና ብቻ አይመስለኝም። ኢንጀክሽን ግን የአየር ግፊት የሚለካ ሰንሰር ስላለው ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል። ጉልበቱን ግን አይመልስላችሁም። በዚህ ከፍታ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ 40 የተባለው ወደ 32 ይወርዳል ማለት ነው። ጭነታችሁን በዚያ አስቡ። ፕሮፔለሩንም እዩት። ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁት ዙሩ ሞተሩ ላይ ከተጻፈው በታች ከቀረ፣ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ያነሰ ፕሮፔለር ይፈልጋል። ለከበደው ፕሮፔለር ብሎ ሞተሩን ማስጨነቅ ዕድሜውን መብላት ነው።

ባሕር ዳር ስትሄድ በጠዋት ድረስ። ክዳኑን አስከፍትና እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ሞቆ ከጠበቀህ «ነገ እመለሳለሁ» በለው። ኢንጀክሽን ሞተር ደህና ከሆነ ቀዝቅዞ እያለም በቁልፍ ወዲያው ይነሳል፤ ሲያስልና ሲጠፋ ከዋለ ያ ያልኩህ ሙጫ ነው። ያለ ውሃ አስነሱት አትበል፣ የውሃ ፓምፑ ጎማ በአፍታ ይቃጠላል። ጣና ቅርብ ነው፣ ጀልባ ላይ ታስሮ ይሞከር። ከጎኑ የምትወጣዋ ውሃ ሳትቆራረጥ ትፍሰስ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት፤ ብዙ ጥፋት ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው የሚወጣው።

ሲመለስ የካምቢዮውን ዘይት በትንሹ አስወጣ። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ ፓራኦሊዮው፣ አልቋል። ካንዴላዎቹን አስወጥተህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ግፊት) አስለካ። የሲሊንደሮቹ ቁጥር ይቀራረብ። አንዱ ከሌሎቹ በ15 በመቶና ከዚያ በላይ ከወረደ ሻይህን ጠጥተህ ወደ ቤትህ።

ሌላው ጨው ነው። ባሕር ዳር ያለ ሞተር ሁሉ ጣና ላይ የኖረ አይደለም። በጅቡቲ በኩል የገባና ባሕር ላይ የሠራ ሊሆን ይችላል። ብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካየህ፣ ቀለሙ ከሥሩ አብጦ ከተላጠ፣ የሽቦ መጋጠሚያዎቹ አረንጓዴ ከሆኑ ተወው። ካርቡራተር ሞተር ጨውን ሊሸከም ይችል ይሆናል። ኢንጀክሽን ግን በሽቦና በሰንሰር የሚኖር ነው፤ አንዲት የዛገች መጋጠሚያ ቀኑን ሙሉ ታለፋሃለች።

ማን ይሠራዋል ላላችሁት፣ አብሽሩ። ደሴም ኮምቦልቻም የመኪና ኢንጀክሽን የሚሠሩ ልጆች ሞልተዋል። ሰንሰሩም ፓምፑም አሠራሩ ያው ነው። የሚቸግረው የኮምፒውተር መፈተሻው ነው፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱ አለው። ስለዚህ እዚያው ባሕር ዳር ሳለህ መፈተሻው ያለው ሰው ፈልግና ሞተሩን አስነብበው። የሠራበትን ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ከመጠን በላይ እንደጋለ፣ የትኛው ሰንሰር እንደከሰሰ ያወጣልሃል። የሻጩን «ብዙ አልሠራም» ከዚያ ጋር ታስተያየዋለህ። ሻጩ ይህን እንቢ ካለ እኔ ብሆን አልገዛም። የሞተሩ ስም ኤቪንሩድ ከሆነ ደግሞ አምራቹ በ2020 እ.ኤ.አ. ማምረት ማቆሙን እወቅ፤ መለዋወጫ ፍለጋው በእናንተ ላይ ይወድቃል። ያማሃም ይሁን ሱዙኪ ወይም ሆንዳ፣ ፊልትሮውንና የውሃ ፓምፑን ጎማ አገር ውስጥ የሚሸጥ ሰው አግኝተህ ዋጋውን ሳትጠይቅ ብር አትቁጠር።

ባትሪውን ረስቼው። አዲስ ግዙ፣ ከሻጩ ጋር የመጣውን አትመኑት። ባትሪ ሲደክም ፓምፑ ይደክማል፣ ሰው ግን ኢንጀክተሩን ይከሳል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ሽቦ አትንቀሉ። ፕላስና ማይነሱን ያገላበጠ ሰው ኮምፒውተሩን እንዳቃጠለው በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ከአርዲቦ ነኝ፣ አሣ አስጋሪ ነኝ። ባለ 20 ሱዙኪ ኢንጀክሽን አግኝቻለሁ፣ ግን ባትሪ የለውም። ያለ ባትሪ ኢንጀክሽን ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል ወንድሜ። ዲኤፍ 20ኤ የሚባለው ባለ 20 ሱዙኪ ያለ ባትሪ እንዲነሳ ሆኖ ነው የተሠራው። ገመዱን ስትስበው ራሱ መብራት አመንጭቶ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ያስነሳል። ለመረብ ሥራ ይስማማል፤ ጠዋት በብርድ ባትሪ ሞተብኝ ብለህ አትጨነቅም። ስትገዛው ገመዱን ራስህ ሳብ፣ ሻጩ አይሳብልህ። ከተቀመጠ ቆይቶ ከሆነ የመጀመሪያው ሁለት ሦስት ስብ ቤንዚን ማምጫ ነው፣ እሱን ተወው። ከዚያ በኋላም አስር ጊዜ ስበህ እምቢ ካለህ ከላይ ለሐይቁ ልጅ ስለ ሙጫው የነገርኩትን አንብብ።