ድጎማው ይቅደም፣ ግዢው ይከተል
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር በቤትና በሥራ ቦታ)

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ቻርጀር ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ አስገጠምኩ። መንግሥት ከወጪው ከፊሉን እንደሚሸፍን የሰማሁት ገና አሁን ነው። ደረሰኙን ይዤ ብሄድ ገንዘቡን አገኛለሁ?

መልስ፦ ማበረታቻው በምን መንገድ እንደሚሰጥ ካላወቅን አዎም አይሆንም ማለት አንችልም። የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው አስቀድሞ የሚፈቀድ ድጎማ ነው። የጀርመን መንግሥት ልማት ባንክ ካኤፍቬ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ የቤት ቻርጀር 900 ዩሮ ሲሰጥ፣ ማመልከቻው መግባት የነበረበት ቻርጀሩ ከመታዘዙ በፊት ነበር። በአየርላንድም ሥራው የሚጀመረው የፈቃድ ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ነው። የእርስዎ አገር አሠራር እንዲህ ከሆነ ጊዜው አልፏል። የደረሰኙን ቀን ለማስቀየር ፈጽሞ አይሞክሩ፤ የቻርጀሩ መለያ ቁጥርና ሥራ የጀመረበት ቀን ብዙ ጊዜ በአምራቹ ሥርዓት ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።

ሁለተኛው በዓመቱ መጨረሻ ከግብር የሚቀነስ ነው። እዚህ ላይ ገና ዕድል አለዎት። በአሜሪካ ቅጽ 8911 ተሞልቶ ከወጪው 30 በመቶ፣ ለአንድ የቤት ቻርጀር ቢበዛ 1,000 ዶላር ከፌዴራል ግብር ይቀነሳል። ሆኖም ብዙዎችን የሚያደናቅፉ ሁለት ነገሮች አሉ። ቤቱ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ወይም ከከተማ ክልል ውጭ ተብሎ በተመደበ የቆጠራ ቀጠና (ለሕዝብ ቆጠራ የተከለለ አካባቢ) ውስጥ መሆን አለበት። ቅናሹ ደግሞ የግብር ዕዳን ወደ ዜሮ ቢያወርድ እንጂ ትርፉ በእጅ አይከፈልም፤ ለግል ቤት ከሆነም ወደ ቀጣዩ ዓመት አይሻገርም። የ600 ዶላር ግብር ያለበት ሰው የሚያገኘው 600 ነው። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁን 30 ቀን 2026 በኋላ ሥራ የሚጀምር ቻርጀር ይህን ቅናሽ አያገኝም።

ሦስተኛው ከሂሳቡ ላይ ወዲያው የሚቀነስ ነው። በስዊድን ገጣሚው ድርጅት የሥራና የዕቃውን 50 በመቶ ከሂሳቡ ቀንሶ ያስከፍልና የቀነሰውን ራሱ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ይጠይቃል። ጣሪያው ለአንድ ሰው በዓመት 50,000 ክሮነር ነው። ክፍያው ግን በባንክ መሆን አለበት፤ በጥሬ ገንዘብ የከፈለ መብቱን ያጣል።

በጀት ደግሞ ያልቃል። በሴፕቴምበር 2023 ጀርመን ለሶላር፣ ለባትሪና ለቻርጀር በአንድነት የመደበችው 300 ሚሊዮን ዩሮ በአንድ ቀን ተሟጥጧል። ስለዚህ ሰነዶቹን መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በኪራይ አፓርታማ ነው። ለተከራይም ድጎማ አለ?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም አንዳንድ አገሮች ለተከራይ ያደላሉ። እንግሊዝ በ2022 የራሳቸው ሙሉ ቤት ያላቸውን ከድጎማው አስወጥታ ለተከራዮችና ለአፓርታማ ባለቤቶች አደረገችው፤ ከወጪው 75 በመቶ፣ ቢበዛ 350 ፓውንድ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እንላለን፤ ግቢ ያለው ሰው እንደምንም ይሞላል፣ ተከራይ ግን ያለ ፈቃድ አንዲት ቀዳዳ ግድግዳ ላይ መብሳት አይችልም።

አከራይዎን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የመኪና ማቆሚያው ቁጥር፣ ኬብሉ የሚያልፍበት መስመር፣ ኃይሉ ከየትኛው ቆጣሪ እንደሚወጣ፣ ለቀው ሲሄዱ ቻርጀሩ የማን እንደሚሆን ይጻፍ። የመጨረሻውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ጭቅጭቅ የሚነሳውም በእሱ ነው። የማቆሚያ ቦታው በኪራይ ውሉ ላይ በስምዎ ካልተጻፈ ማመልከቻው ሊመለስ ስለሚችል ውሉን አስቀድመው ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ ማመልከቻዬ “ዕቃው አይመጥንም” ተብሎ ተመለሰ። ቻርጀሩ ግን አዲስና ጥሩ ነው።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሞዴል ቁጥሩ ነው። የተፈቀዱ ዕቃዎች ዝርዝር የሚያውቀው የምርቱን ስም ሳይሆን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ያለውን ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው ሁለት ቻርጀሮች አንዱ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል፣ ሌላው አይገናኝም፤ ልዩነቱ በጎኑ በተለጠፈችው ጽሑፍ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት። ድጎማ የሚሰጡ አገሮች ብዙዎቹ የመሙያ ሰዓቱን ማሸጋሸግ የሚችል ስማርት ቻርጀር ይጠይቃሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ምሽት ላይ በአንድ ጊዜ ሲሰካ መስመሩ እንዳይጨናነቅ ነው።

ሌላው ምክንያት ደረሰኙ ነው። “ቻርጀርና ገጠማ” ተብሎ በአንድ መስመር የተጻፈ ደረሰኝ አይቀበሉ። ዕቃው፣ ኬብሉና ብሬከሩ፣ የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይቀመጡ፤ የቻርጀሩ መለያ ቁጥር፣ የባለሙያው የፈቃድ ቁጥርና የተገጠመበት አድራሻም ይኑሩበት። ግድግዳው ባዶ ሳለ፣ ኬብሉ ሳይሸፈን፣ ሥራው ሲያልቅ ፎቶ ያንሱ።

ጥያቄ፦ በድርጅታችን 12 ሠራተኞች የኤሌክትሪክ መኪና አላቸው። የሕንፃው መስመር 12 ቻርጀር ይችላል?

መልስ፦ ሁሉም በ7.4 ኪሎዋት በአንድ ጊዜ ይሙሉ ከተባለ ወደ 89 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ ያ ብዙ ሕንፃ የሚችለው አይደለም። ግን ማንም ያን ያህል አይፈልግም። ሠራተኛው በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳና መኪናው በኪሎ ሜትር 0.18 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ፣ የሚተካው 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለ12 መኪና 86 ኪሎዋት ሰዓት፣ ለስምንት የሥራ ሰዓት ሲካፈል 11 ኪሎዋት አይሞላም። ብክነቱን ጨምረው 12 ይበሉት።

ስለዚህ ጭነት የሚያከፋፍል (ያለውን ኃይል ለተሰኩት መኪናዎች የሚያካፍል) ሥርዓት ያስገቡና ጠቅላላውን በ22 ኪሎዋት ይገድቡት። አንድ መኪና ለመሙላት ቢያንስ 6 አምፒር ይፈልጋል፤ በ230 ቮልት 1.4 ኪሎዋት ገደማ ነው። 12ቱም ቢሰኩ ወደ 17 ኪሎዋት ይሆናልና ሁሉም በዝግታም ቢሆን ይሞላሉ። ጥንቃቄ የሚሻው በዋናው መስመር ላይ የሚታሰረውና ሕንፃው ስንት እየተጠቀመ እንደሆነ ለሥርዓቱ የሚነግረው የጅረት መለኪያ ቀለበት ነው። በተሳሳተ ፌዝ (ኃይል ከሚያስገቡት ሽቦዎች አንዱ) ላይ ወይም ተገልብጦ ከታሰረ ሥርዓቱ ትርፍ ኃይል ያለ ይመስለውና ዋናው ብሬከር ይወርዳል።

ሲያመለክቱ ድጎማው በምን እንደሚቆጠር ይመልከቱ። የእንግሊዙ የሥራ ቦታ መርሃ ግብር የሚቆጥረው ሶኬት ነው፤ ለአንድ ድርጅት እስከ 40። ባለ ሁለት ሶኬት ስድስት ቻርጀር እንደ 12 ይታያል፣ የሚቆፈረው መሬትና የሚዘረጋው ኬብል ግን ያነሰ ነው። ቁፋሮው ሳይዘጋ ለወደፊቱ አንድ ባዶ ቱቦ ይቅበሩ።

ጥያቄ፦ ከተራ ሶኬት እየሞላሁ ሶኬቱ ጠቆረ። አሁን ቻርጀር ላስገጥም ነው፤ ለድጎማው ፈቃድ ያለው ባለሙያ የግድ ነው?

መልስ፦ በብዙ ቦታ የግድ ነው፤ ባይሆንም እንኳ ያለ ባለሙያ አይንኩት። ተራ ሶኬት ለሰዓታት ሙሉ ጭነት እንዲሸከም ታስቦ አልተሠራም። ላላ ያለ መገናኛ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከጅረቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ ከብሎኑ አጠገብ ያለው የሽቦ ልባስ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ የዓሣ የሚመስል ሽታ ይመጣል። ያ ሽታ ከመጣ ብሬከሩን ያውርዱ፤ በዚያ ሶኬት ዳግም አይጠቀሙ።

ባለሙያው ሲመጣ አራት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ቻርጀሩ የራሱ መስመርና ብሬከር ይኖረዋል? በአሜሪካ ደንብ ብሬከሩ ከቻርጀሩ ጅረት 125 በመቶ ይሆናል፤ ለ32 አምፒር ባለ 40። ሁለተኛ፣ ርቀቱ ስንት ነው? በ230 ቮልት፣ 32 አምፒር 30 ሜትር ሲሄድ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ስኩዌር መዳብ 7 ቮልት ገደማ ይጥላል፣ ባለ 10 ግን 4 ብቻ። ሦስተኛ፣ የፍሳሽ ጅረት መከላከያው (ጅረት ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጠው) ዓይነቱ ምንድን ነው? ተራው ዓይነት ኤሲ ከመኪናው በሚመጣ ዲሲ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ጅረት) ሊታወር ስለሚችል አይሆንም፤ ቻርጀሩ ውስጥ 6 ሚሊ አምፒር ዲሲ የሚለይ መሣሪያ ካለ ዓይነት ኤ ይበቃል፣ ከሌለ ዓይነት ቢ ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ብሎኖቹን በምን ያጠብቃል? አምራቹ በጻፈው የኒውተን ሜትር ልክ፣ መጠን በሚያሳይ መፍቻ ካልሆነ በእጅ ግምት የታሰረው ከጊዜ በኋላ ሊላላ ይችላል። ሲጨርስ የፍተሻ ምስክር ወረቀቱን ተቀብለው ከድጎማው ማመልከቻ ጋር ያያይዙት።