መልስ፦ ስፖርት የሚያጠና የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ከቁም ነገር ይቆጠራል?

ወንድሜ፣ «ኢኮኖሚክስ ተምሮ ዕድሜውን ኳስ ሲያጠና የሚኖር ፕሮፌሰር በሙያ አጋሮቹ ዘንድ ከቁም ነገር ይቆጠራል ወይ?» ብለሃል። አዎ፣ በደንብ ይቆጠራል።

መስኩ የትናንት አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ሳይመን ሮተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች የሥራ ገበያ ያሳተመው ጽሑፍ እንደ መነሻ ይታያል። ተጫዋቹ ለክለቡ በውል ታስሮም ይሁን ነፃ ሆኖ፣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ይበልጥ ገቢ በሚያስገኝበት ክለብ ነው፤ የሚለየው ገንዘቡ ማን ኪስ እንደሚገባ ነው ሲል ተከራከረ። በ1974 ደግሞ ጄራልድ ስከሊ ተጫዋቹ ለክለቡ የሚያስገባውን ገቢ ከደመወዙ ጋር አነጻጽሮ፣ ክፍያው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳየ።

ስፖርት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ውጤት በየሳምንቱ ተመዝግቦ፣ ደመወዙም ታውቆ የሚገኘው በየትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ፍጹም ቅጣት ምትን ውሰድ። መቺው ግራ ወይ ቀኝ ይመርጣል፣ በረኛውም እንዲሁ፤ አንዱ የሌላውን ልማድ ካወቀ አለቀ። ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ ኡዌርታ 1,417 ምቶችን መርምሮ በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ ተጫዋቾቹ ልክ ጌም ቲዎሪ (የአንዱ ውሳኔ ውጤት በሌላው ውሳኔ ላይ ሲመሠረት ሰዎች እንዴት እንደሚመርጡ የሚያጠናው ዘርፍ) እንደሚተነብየው በማይገመት መንገድ አቅጣጫ እንደሚቀያይሩ አገኘ። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

የሥራ ዕድሉን በተመለከተ፣ በስፖርት ስም ብቻ የሚወጣ የመምህርነት ቦታ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በሥራ ገበያ ወይም በኢንዱስትሪ ኢኮኖሚክስ ስለሆነ፣ ኢኮኖሜትሪክሱን፣ ማለትም የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የመተንተኑን ትምህርት፣ ከአሁኑ አጥብቀህ ያዝ።