የኩላሊት ሕዋስ «አደገ» ወይስ «በዛ»?

ጥያቄ፦ በኩላሊት ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አንድ ኩላሊታቸውን ለዘመድ ለሚሰጡ ሰዎች በምናድለው ወረቀት ላይ «መልእክት አድራሽ ሞለኪውሎች የሚቀረውን ኩላሊት ሕዋሳት ያሳድጋሉ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ያበዛሉ በይ» አለችኝ። የማንኛችን ይሻላል?

መልስ፦ ወደ እርስዎ አደላለሁ፤ ነገር ግን «ያሳድጋሉ»ም አልጠራም። ከብት አርቢ «ሰንጋዬ ደለበ» ሲል ገላው ሞላ ማለቱ ነው፤ «ከብቴ ረባ» ሲል ደግሞ ቁጥሩ ጨመረ ማለቱ ነው። «አደገ» ሁለቱንም ስለሚያቅፍ እዚህ ላይ ያሳስታል። አዋቂ ሰው አንድ ኩላሊቱን ሲሰጥ የቀረው ይተልቃል፤ የሚተልቀው ግን በዋናነት ነባሮቹ ሕዋሳት ስለሚገዝፉ ነው። ደም የሚያጣሩት ኔፍሮኖች በ36ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ተሠርተው ያልቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ አይጨመርም። ለጋሹ «ያበዛሉ» የሚለውን አንብቦ «የሰጠሁት ይተካልኛል» ብሎ ቢያምን ያሳዝነኛል። «ይገዝፋሉ» ይበሉ፤ «ግዙፍ»ን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

የባልደረባዎ ቃልም ቦታ አለው። የኩላሊት ቱቦዎች በመርዝ ወይም ደም ሳይደርሳቸው ቀርቶ ሲጎዱ፣ የተረፉት ሕዋሳት ለሁለት እየተከፈሉ የሞቱትን ይተካሉ። «ተከፈል» የሚለውን ትእዛዝ ከሚያደርሱት መልእክት አድራሽ ሞለኪውሎች አንዱ ኢጂኤፍ (EGF) ነው፤ ያገኘው ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። ቲጂኤፍ ቤታ (TGF-β) የተባለው ሌላው መልእክት አድራሽ ደግሞ መከፈሉን ይገታና ሕዋሱ ባለበት እንዲገዝፍ ያደርጋል። ሁለቱን ትእዛዞች በአንድ «ማደግ» መጠቅለል እውቀቱን ራሱን ማጥፋት ነው።

«ያሳድጋሉ» ላይ ሌላም ቅሬታ አለኝ። እናት ልጇን ስታሳድግ አብልታ፣ አጠጥታ ነው። ሞለኪውሉ ግን ምግብ አይደለም። ከሕዋሱ ገጽ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይጣበቃል፣ መልእክቱ ወደ ውስጥ ይተላለፋል፣ ሥራውን የሚሠራው ሕዋሱ ራሱ ነው። ስለዚህ «ያነሳሳሉ» ይስማማዋል።

«ሕዋስ»ንም ቢያስቡበት። ቃሉ በግእዝ የስሜት መቀበያን ያመለክታል፤ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» የሚሉ አባት ዓይንና ጆሮ ሊመስላቸው ይችላል። ለሕመምተኛ ወረቀት «ሴል» ይቀላል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «መልእክት አድራሽ ሞለኪውሎች የሚቀረው ኩላሊት ሴሎች እንዲገዝፉ ያነሳሳሉ፤ ቁጥራቸው ግን ብዙም አይጨምርም።»